ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ

እኔ ሰውን የማውቀው በልብሱ ነው። ድሮ ይህን ስናገር አገጬን ቀና አድርጌ ነበር፤ አሁን አንገቴን ደፍቼ ነው የምናገረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮቷ ወደ መንገድ በሚከፈት በዚህች ክፍል ተቀምጬ የሰው ልብስ ስጠግን ኖሬያለሁ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ የተበላ ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሰው ሸሚዝ ነው። አንድ ኪሱ ብቻ የተዘረገፈ ካፖርት፣ ቁልፉ መኖሩን በየደቂቃው የሚዳስስ ፈሪ ሰው ካፖርት ነው። አንዲት ሴት የባሏን ሱሪ ስታመጣልኝ ገልበጥ አድርጌ አየውና፣ ሰውዬው ሥራ ላይ ነኝ እያለ የት እንደሚውል ልነግራት እችላለሁ። በሰፈሩ «መርፌ» ይሉኛል። ለእጄ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለምላሴም ነው።

ጸሎት ቤታችን ከሱቄ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወንበሮቿ የማይመሳሰሉ ትንሽ አዳራሽ ናት። ሁላችንም ብንመጣ መቶ ሰው አንሞላም። የዛሬ ዓመት ገደማ ግን ይህችው መቶ የማትሞላ ጉባኤ ለሁለት ልትሰነጠቅ ደርሳ ነበር፤ መሪዎቻችን ሁለት ሆኑብን።

አንደኛው ሽማግሌው መጋቢ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት መርተውናል። ሲሰብኩ ድምፃቸው ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ አንዳንዴም ያሉትን ረስተው መልሰው ይሉታል። እናቴን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ወጣቱ ሰባኪ ነው። ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ነበር፤ አልደበቀንም፣ ራሱ ከመድረክ ላይ ይናገረዋል። አፉን ሲከፍት ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ሰው ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ልዋሽ።

የሁለቱንም ልብስ የምጠግነው እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

የሽማግሌው ሱሪ ሁልጊዜ የሚያልቀው መቀመጫው ላይ ነው። ጉልበቱ እንደ አዲስ፣ መቀመጫው ግን ወንፊት። አራት ጊዜ እራፊ ጣፍኩበት። የመጨረሻውን የጣፍኩት ከእናቴ አሮጌ ካፖርት በተረፈ ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ግራጫ ሱሪ ላይ ቡናማ እራፊ፣ ከመንገድ ማዶ ይታያል። «መጋቢ፣ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት? ምስማር ላይ ነው እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ምን ይደረግ ልጄ፣ መቀመጥ አበዛሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መጋቢ ድሪቶ» የሚል ስም አወጣሁላቸው። ስሙ በሳምንት ውስጥ ጸሎት ቤቱን አዳረሰ።

የወጣቱ ሰባኪ ሱሪ የሚያልቀው ጉልበቱ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያመጣልኝ ሱሪ ጉልበቱ ሳስቶ ወደ መስኮቱ ሳነሣው ብርሃን ያሳልፋል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህ ሰው ስንት ሰዓት ተንበርክኮ ቢጸልይ ነው አልኩ። ስገለብጠው በስፌቱ ውስጥ ግራጫ ደቃቅ ዱቄት አገኘሁ። በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። ሲሚንቶ መሆኑን ጣቴ ያውቀዋል፤ የግንበኛ ልብስ ስንቴ ጠግኛለሁ! እፍ አልኩና አለፍኩት። ይህችን «እፍ» ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጉባኤው ተጠራ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ነገር ሲከርር ላቡን የሚጠርግ የዋህ ሰው። ሽማግሌው ይረፉና ወጣቱ ይምራ የሚል ሐሳብ ቀርቧልና ተናገሩ አለን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁሉም ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። አንዱ «ሁለቱም አባቶቻችን ናቸው» ይላል፣ ሌላዋ «እንጸልይበት» ትላለች። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ተነሣሁ።

«እኔ ብዙ አላውቅም» አልኩ፤ ብዙ አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። «የማውቀው ልብስ ነው። የአንደኛው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያልቃል፣ የሌላኛው መቀመጫው ላይ። ማን ተንበርክኮ፣ ማን ተቀምጦ እንደሚውል እናንተው ፍረዱ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው እንኳ መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ። ሽማግሌው መጋቢም አብረውን ሳቁ። ሳቁና ኮታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው እራፊውን ሸፈኑት። አይቻቸዋለሁ። ግን ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር፤ በሰው ፊት ተናግሮ ማሳቅ እንዴት እንደሚያሰክር የቀመሰው ያውቀዋል። ድምፅ ሲሰጥ ከአሥራ አምስት ሰው በቀር ሁሉም ለወጣቱ እጁን አወጣ።

ከዚያ በኋላ ሰው ወጣቱን ሰባኪ ማየት የሚጀምረው ከጉልበቱ ሆነ። እናቶች ለልጆቻቸው በጣት ያሳያሉ። ሱሪውም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ በወር አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት። እኔም ከውስጥ ገበር እያደረግኩ፣ ሳስቶ እንዲታይ ከውጭ ሳልነካው እመልስለታለሁ። እንዲያ ያድርጉልኝ ያለኝ እሱ ነው። ለትሕትና ነው ብዬ ገመትኩ። እንግዲህ ሞኝነት ዕድሜ አይመርጥም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ እስካሁን ስዞር የነበረው እሱን ፈርቼ ነው። ጋሼ ነው የምለው፣ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አባታችን ሲሞት ያስተማረኝ እሱ፣ ይህችን የስፌት መኪና በጫንቃው ተሸክሞ እዚህ ያስቀመጠልኝ እሱ። ኋላ መጠጥ ያዘው። እናታችን ሰባት ወር አልጋ ላይ ስትውል አንድ ቀን ብቅ አላለም። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሳለ ገብቶ «ሳትነግሩኝ ቀበራችኋት!» ብሎ ጮኸ። «ከየትኛው መጠጥ ቤት እንጥራህ?» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ተወውና በሩን አላትሞ ወጣ። በዚያው ተቆራረጥን። ከዓመት በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ መተኛቱን ሰማሁ። ሰምቼም ልቤን አጠነከርኩ። ሁለት ዓመት እንደጠነከረ ቆየ።

አንድ ጠዋት የመሰንጠቂያው ዘበኛ ሚስት መጣች። ልብሷ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር።

«ጋሼሽ ልኮኝ ነው» አለችኝ። «‹የምነግራት ነገር አለኝ፣ በራሴ አፍ› ይላል። ሰውነቱ እየደከመ ነው፤ አትቆዪ እህቴ።»

ያን ቀን ሁለት ቀሚስ አበላሸሁ። ልሂድ ስል ቂሜ ይይዘኛል፣ ልቅር ስል ይህች የስፌት መኪና ታየኛለች። በማግስቱ ወደ ወጣቱ ሰባኪ ቢሮ ሄድኩ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ልጠይቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«ወንድሜ ታሟል። ጠርቶኛል፤ ልሂድ ወይ?» አልኩት።

«በጌታ ቤት ነው?»

«አይደለም። ይጠጣ ነበር። እናታችንንም...»

ዓይኑን ጨፈነ። «አይሂዱ፣ እትዬ» አለኝ። «በዚያ ቤት ላይ ጨለማ እያየሁ ነው። ንስሐ መግባት ከፈለገ በእግሩ መጥቶ በጉባኤው ፊት ይግባ።»

በእግሩ! መነሣት የማይችል ሰው በእግሩ ይምጣ አለኝ፤ ምን እንደሚያመው እንኳ አልጠየቀኝም። ይህን ግን አሁን ነው የማስበው። ያኔማ አንጀቴን ቅቤ አጠጣኝ። ሦስት ዓመት ታቅፌው የኖርኩትን ቂም በአንድ ቃል ጽድቅ አደረገልኝ። እየዘመርኩ ነው ወደ ሱቄ የተመለስኩት።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌው መጋቢ ሱሪ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ደጄ ላይ ቆመው ነበር። ሊወቅሱኝ የመጡ መሰለኝ። «ሥራ በዝቶብኛል መጋቢ፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» አልኳቸው ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ። በሳምንቱም ተመልሰው መጡ፤ እንደዚያው መለስኳቸው። ከንፈራቸው የሆነ ነገር ሊል ሲል ፔዳሉን ረገጥኩት። መኪናው ሲጮህ ሰው አይሰማም።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ወጣቱ ሰባኪ አንድ ሱሪ ላከልኝ፤ ጉልበቱ ሳስቷልና ገበር ይደረግልኝ ይላል። ዘርግቼ ሳየው እጄ ቆመ። ይህን ሱሪ አዲስ ሆኖ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ ገና በዘጠነኛ ቀኑ ነው። የጠመኔ ምልክቴ እንኳ ከእግሩ ጫፍ አልጠፋም።

ሰው ሲንበረከክ ጨርቁ መጀመሪያ ይለጠጣል፤ ጉልበቱ ላይ ይነፋል። ከኋላ ደግሞ፣ እግር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ብትተኩሰውም የማይለቅ ሽብሽብ ይይዛል። ይህ ሱሪ ከኋላ ልስልስ ያለ ነው፤ አንድም ሽብሽብ የለው። ከፊት አልተነፋም። ክሩ ብቻ ከላይ ከላይ ተልጎ ሳስቷል። ሳሳጥረው የተረፈውን ቁራጭ ከቅርጫቴ ፈልጌ አወጣሁ። እግሬን የምፈትግበትን ድንጋይ ከጓዳ አምጥቼ ቁራጩን ስልሳ ጊዜ ያህል ፈተግኩት። ከሱሪው ጉልበት ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ናቸው።

ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ። ያቺ እፍ ያልኳት ሲሚንቶ ተመልሳ አፌ ውስጥ የገባች መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። ቁራጩንና ሱሪውን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። ድንጋዩንም አስቀመጥኩለት። ድንጋዩን አየና ቁጭ አለ። ፊቱ ከመድረኩ ላይ ፊት ጋር አይገናኝም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ የጀመሩት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔ?»

«ያን ቀን ተነሥተው ባይናገሩ ማን ጉልበቴን ያይ ነበር? አሁን መድረክ ላይ ስወጣ ፊቴን የሚያይ የለም። ጉልበቱ ደህና የሆነ ሱሪ ለብሼ ብወጣ ‹ጸሎት ተወ› ነው የሚሉት። ምን ላድርግ?»

«የመጀመሪያውስ? ያ መጀመሪያ ያመጡልኝ?»

«እሱ የሥራ ልብሴ ነው። ወለል ሳነጥፍ ነው ያለቀው። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር፤ አልጠየቁኝም። ከዚያ በጉባኤ ፊት ሲያወሩት... ዝም አልኩ።» ሱሪውን ማጠፍ ጀመረ። «ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ቀላል ነው።»

«ይጸልያሉ ግን?»

«እጸልይ ነበር» አለ።

ልለቀው አልቻልኩም። አንዲት ጥያቄ ቀርታኝ ነበር። «በወንድሜ ቤት ላይ ያዩት ጨለማስ?»

ተነሥቶ በሩ ጋ ቆመ። «ምንም አላየሁም። ሲገቡ ያየሁት የእርስዎን ፊት ነው። ‹አይሂዱ› እንድልዎት ነበር የመጡት፤ አልኩዎት።»

ሱሪውን ይዞ ወጣ። ሐሰተኛ ሰው በሐሰቱ ቢሄድ ኖሮ ልሰድበው እችል ነበር። ይህ ግን ሲወጣ እውነት ነግሮኝ ወጣ።

የሱቄን በር ቆልፌ መሄዴን አላስታውስም። የማስታውሰው የመሰንጠቂያውን ጩኸት ነው፤ ከሩቅ ጥርስ ያሳክካል። ግቢው እስከ ቁርጭምጭሚት የእንጨት ብናኝ ነው። የዘበኛው ሚስት ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ቀና ብላ አየችኝ። «ከኋላ በኩል ነው» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም፤ እንደ ተቆለፈ በር ፊቷን ዘጋችብኝ።

ክፍሉ በጣውላ የተሠራ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ የሹፌር ኮፍያ። ከአልጋው አጠገብ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከሳጥኑ ከፍ ብሎ ጎንበስ እያለ የበሽተኛውን አፍ በመሐረብ ይጠርጋል። ከጀርባው በፊት የሱሪውን እራፊ ነው ያወቅኩት። የእናቴ ካፖርት።

«መጋቢ» አልኩ።

ዘወር አሉ። «መጣሽ ልጄ» አሉኝ። ቆየሽ አላሉኝም።

ጋሼ ተለውጧል። ያ ሰፊ ትከሻ የት ገባ? ዓይኑ ግን የራሱ ነው፤ አይቶኝ በእንባ ሞላ። «ጋሼ፣ መጣሁ» አልኩት። አፉ በአንድ ወገን ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልነበረም። ደገመው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እንደገና ሞከረ።

«ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ሕመሙ ዳግመኛ መታው» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ ወዲህ አንደበቱ ተያዘ።»

ዐሥራ ሁለት ቀን። እኔ ስድስት ሳምንት ስዘምር ከርሜያለሁ።

«ሊነግረኝ የነበረው ምንድን ነው? ለእርስዎ ነግሮዎታል አይደል?»

«ጠይቄው ነበር። ‹ለእሷ ነው› አለኝ። ለሌላ የተባለን ቃል ምን ብዬ እወስዳለሁ? አልገፋሁትም።»

«ለምን መጥተው አልጎተቱኝም!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በማን ላይ እንደምጮህ አጥቼ።

«ሁለቴ መጥቼ ነበር» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ቀኑን እንደሚነግር ሰው ነው ያሉት።

ያ በብብታቸው ይዘውት የነበረ ሱሪ ታየኝ። የረገጥኩት ፔዳል ተሰማኝ። «ስንት ጊዜ ነው እዚህ የሚመጡት?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው የዘበኛው ሚስት ናት። «ከተኛ ጀምሮ። ሁለት ዓመት፣ ከምሳ በኋላ እስኪመሽ። ያገላብጡታል፣ ያጥቡታል። ከመሰንጠቂያው ማዶም ሌላ በሽተኛ አላቸው፤ ጠዋት እዚያ ናቸው። ምነው፣ አልሰማሽም?»

ሽማግሌው ቦታ ሊለቁልኝ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሲነሡ እራፊው ግማሽ ተነቅሎ ተንጠለጠለ። ሳጥኑን አየሁት። ጣውላው ያልተላገ፣ ከጠርዙ የአንድ ምስማር ራስ ብቅ ያለ ነው። ምስማሩ ላይ የግራጫ ክር ጉንጉን ተጠምጥሟል፣ በላዩ ቡናማ ክር አለ። ምስማር ላይ ነው እንዴ የሚቀመጡት ብዬ ስቄባቸው ነበር።

«ይህን ምስማር ለምን አልመቱትም መጋቢ?»

«ስቀመጥ እረሳዋለሁ፣ ስነሣ ያስታውሰኛል» አሉና ፈገግ አሉ። «መዶሻም የለኝ።»

«እሑድ በጉባኤው ፊት ተነሥቼ እናገራለሁ» አልኩ። «ስለ እርስዎም፣ ስለ እሱም፣ ስለ ራሴም።»

«ትናገሪያለሽ» አሉ። «አሁን ግን ተቀመጪ። ደጋግሞ ዓይኑን ሲገልጥ አጠገቡ ሰው ካላገኘ ይፈራል።»

ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ውኃ ሊቀዱ ወጡ። ጋሼ በደህናው እጁ አውራ ጣቴን ያዘኝ፤ መርፌ ደጋግሞ የወጋትን ደረቅ ጣቴን ዳሰሳት። አፉን ከፈተ። ጆሮዬን ከንፈሩ ድረስ አስጠጋሁ። ትንፋሹን ሰማሁ፣ ልፋቱን ሰማሁ፤ ቃሉን አላገኘሁትም። ይቅርታ ይሁን፣ እርግማን ይሁን፣ የእናታችን ነገር ይሁን እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቀውም።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። «እሺ።»

ዓይኑን ከደነ፤ ጣቴን ግን አልለቀቀም። ይበልጥ ልጠጋው ሳጥኑ ላይ ተንፏቀቅኩ። ከኋላዬ ቀሚሴ ሲቀደድ ሰማሁ። ያን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼው ብድግ ያላልኩበት ቀን የለም። አልተነሣሁም።